«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

በየቤታችን ከምንናገራቸው አጫጭር ቃላት መካከል «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ያህል ብዙ ነገር የሚሸፍን የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። መብራት ጠፍቶ የዋይፋዩ ሳጥን ሲጨልም «ኔትወርክ የለም» እንላለን። የወሩ ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቶ አገልግሎቱ ሲቆምም እንዲሁ። ቤት ሲጠረግ ሽቦ ተነቅሎ፣ ልጅ ሶኬቱን አጥፍቶ፣ የአንዷ ስልክ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ ከዚያም አልፎ መንገድ ሲቆፈር የመሬት ውስጥ መስመር ተበጥሶ ቢሆን የምንሰጠው ስም ያው አንድ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርባ «አመመኝ» ብቻ ብላ ዝም ለምትል በሽተኛ ምን ዓይነት መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል?

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ የምናነሣው ስለ መሣሪያው ለማስተማር ብቻ አይደለም። ይልቁንም በቢሮ ወይም በፋብሪካ ለሚሠሩት፣ ከኮምፒዩተር ጋር ትንሽም ቢሆን ለሚተዋወቁት፣ በዘመድና በባልንጀራ ዘንድ «እሷ ታውቃለች» ለተባሉት ለእርስዎ ነው። ስልክዎ ይጮኻል፤ ከወዲያ ማዶ አንዲት ባልንጀራዎ «የቤቴ ዋይፋይ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ትላለች። እርስዎ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ነዎት፤ እሷ ሌላ ከተማ ናት። ሳጥኑን አያዩትም፤ እጅዎም አይደርስበትም። ያለዎት ድምፅዎና ትዕግሥትዎ ብቻ ነው። እንዴት ይረዷታል?

«ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። በእኛ እምነት ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሰሜን ወሎን ለምሳሌ እንውሰድ። ከሐብሩ፣ ከመርሳ፣ ከወልድያና ከአካባቢው ገጠሮች ወጥተው በሳውዲ ዓረቢያና በሌሎች የዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እህቶቻችን ጥቂት አይደሉም። እናት የልጇን ፊት የምታየው በስልክ መስተዋት ላይ ነው። የሚላከው ገንዘብ፣ የታናናሾቹ ትምህርት፣ የአሠሪዋ ጠባይ፣ ሕመሙና ጤናው ሁሉ የሚወራው በዚያው ነው። ደግሞም ይህ አካባቢ የመገናኛን መቋረጥ ትርጉም ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩባቸው ወራት ስልኩም መብራቱም ተቋርጦ፣ በውጭ አገር ያለው ልጅ እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ከርሟል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ይህን ያሳለፈ ሰው ዛሬ ሳጥኑ ቀይ ሲያበራበት የሚያስበው ስለ ሽቦ አይደለም። «ደግሞ ምን መጣ?» ብሎ ነው የሚደነግጠው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ መርሳ ታልፎ የምትገኘው ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አንዲት የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ታናሽ እህቷ ሪያድ ናት። በ2017 ዓ.ም ከዐረፋ በዓል በኋላ ደወለችልኝ። የደወለችው ግን ስለ ዋይፋዩ ብላ አልነበረም። «ድምጿን ከሰማን ዘጠኝ ቀን ሆነን። እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች። ሪያድ የምታውቂው ሰው ካለ በሞቴ አፈላልጊልን» አለችኝ። ከብዙ ጥያቄና መልስ በኋላ ነው ዘጠኙን ቀን ሙሉ የቤቱ ኢንተርኔት እንደማይሠራ የተገለጸው። «ኔትወርኩማ የለም፤ እንደዚያን ጊዜው ጠፍቷል» አለች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ጎረቤት ይሠራ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠየቅ ኖሮ ጎረቤት ይሠራ ነበር። እህቷ በመደበኛ ስልክ እንዳትደውል ደግሞ የያዘችው ቁጥር ባልንጀራዬ ከወራት በፊት የተወችውን ነበር። ሁልጊዜ በአይሞ ስለሚገናኙ አዲሱን ቁጥር መስጠት ትዝ ያለው የለም።

እናቲቱ ሲሪንቃ ሆነው ስለ ልጃቸው ይሰጋሉ፤ ልጅቱ ሪያድ ሆና «ጦርነቱ ተመለሰ ይሆን?» እያለች ታለቅሳለች። በመካከላቸው የተሠራው ጥፋት ምን እንደነበረ እንናገራለን፤ በቅድሚያ ግን ወደ እሱ ስላደረሰን ጥያቄ።

ብዙዎቻችን እርዳታ ስንጠየቅ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ምን ነካካሽው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ መልሱም «ኧረ ምንም አልነካሁም» ነው። ሰው በተከሰሰ ጊዜ ራሱን ይከላከላል እንጂ አያስታውስም። በተለይ ዕቃው የባል ወይም የወንድም ነው፣ «አትንኩት» ተብሏል በሚባልበት ቤት፣ ሴቲቱ ሳጥኑን ለመጥረግ ማንሣቷን እንኳ ለመናገር ትፈራለች። ስለሆነም ስለ ሳጥኑ ሳይሆን ስለ ቤቱ ይጠይቁ። ሰሞኑን ቤቱ እንዴት ሰነበተ? እንግዳ መጣ ወይ? መብራት ጠፍቶ ነበር? ለበዓሉ ምን አሳመራችሁ? ባልንጀራዬ ይህን የመጨረሻውን ስትጠየቅ ድምጿ ተለወጠ፤ በደስታ ትዘረዝርልኝ ጀመር። ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ አዲስ ቡፌ ተገዝቷል፤ ሳጥኑም ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተነሥቶ ከቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ገብቷል። እማማ ከላዩ የጠለፉትን ዳንቴል አልብሰውታል።

የነሱ ሳጥን ሽቦ የሌለው፣ እንደ ሞባይል ሲም ካርድ የሚገባበት ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ሳጥን ኢንተርኔቱን የሚቀበለው ከሩቅ ከቆመው የስልክ ማማ በመሆኑ ለእሱ መስኮት ማለት ዓይን ማለት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ መስተዋትና ብረት ምልክቱን ያዳክሙበታል ወይም ይመልሱበታል። የዳንቴሉም ነገር ቀላል አይደለም፤ ሳጥኑ ሲሠራ ስለሚሞቅ በጎኑና በጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ወደ መስኮቱ መልሰው፣ ዳንቴሉን አውልቀው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። በዚያው ቅጽበት የዘጠኝ ቀን መልእክት ስልኩ ላይ ሲንጫጫ እኔም በጆሮዬ ሰማሁት። እማማ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ከኋላ ይሰማል።

ሁሉም ቤት እንዲህ ቀላል ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለበትን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ሥራ ጥፋቱ ከደጅ ነው ወይስ ከቤት ውስጥ የሚለውን መለየት ነው። ጎረቤት ይሠራል? መደበኛው የስልክ ጥሪ ይሠራል? ከእርስዎ ጋር በስልክ እየተነጋገረች ከሆነ ቢያንስ የሞባይሉ ማማ ቆሟል ማለት ነው። የጎረቤቱም ጠፍቶ ከሆነ ጊዜዋን በሳጥኑ ላይ አታባክን። የእሷ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ በቤቱ ውስጥ ካሉት ስልኮች እምቢ ያለው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? የልጇ ስልክ ሠርቶ የእሷ ብቻ እምቢ ካለ ሳጥኑ ንጹሕ ነው። የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ምልክት ሳታውቀው ተነክቶ፣ ዋይፋዩ ተዘግቶ፣ ወይም የይለፍ ቃሉ ተለውጦ ይሆናል። በይለፍ ቃል ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ሰው ስለማያውቅ በቀስታ፣ አንድ በአንድ ያስነብቧት።

ሁሉም ስልክ እምቢ ካለ ወደ መብራቶቹ እንሂድ። ብዙ ረዳቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ፓወር ይበራል? ኢንተርኔት የሚለውስ?» እያሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ይጠይቃሉ። ባልንጀራዎ ፊደሉን አታነበው ይሆናል፤ ብታነበውም ጽሑፉ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው። የማትችለውን ሲጠይቋት «አላውቅም» ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ስለዚህ ስሙን ትተው ተራውንና ቀለሙን ይጠይቁ። «ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሪልኝ። ስንት መብራት አለ? አንደኛው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ቀጥ ብሎ ይበራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ሁለተኛውስ?» እርስዎ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህን ያላነበበችም፣ ያልተማረችም እናት በሚገባ ትመልሰዋለች። እንዲያውም የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ «ልየው» ብሎ ከእጇ ሊነጥቃት ሲሞክር፣ ልጁ ስልኩን ይያዝላት፣ ሳጥኑን ግን እሷው ትንካው ይበሉ። ነገ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሆን ሳጥኑ ከእሷ ጋር ነው የሚውለው።

አንድም መብራት ካልበራ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። የስልክ ቻርጀር በዚያው ሶኬት ላይ ሰክታ ትሞክር። ዲቫይደር ከሆነ ለየቀዳዳው ማጥፊያ ያለው ዓይነት አለ፤ ቴሌቪዥኑ ሠራ ማለት ሁሉም ቀዳዳ ይሠራል ማለት አይደለም። በሳጥኑ ጀርባ የሚገባው ትንሹ ሶኬት ላልቶም ይሆናል። ያ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልበራ አዳፕተሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። የሌላ ዕቃ አዳፕተር ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይሰካ። ከሳጥኖቹ ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ 9 ወይም 5 ቮልት የሚፈልጉም አሉ። ቁጥሩ በአዳፕተሩ ላይና በሳጥኑ ሆድ ላይ ተጽፏል፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የሚበልጥ ቮልት ሳጥኑን ያቃጥለዋል።

የመጀመሪያው መብራት በርቶ ሌሎቹ ካልተስተካከሉ አጥፍቶ ማብራት ይሞከራል። ሳጥኑ ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር በመሆኑ መብራት ሄድ መጣ ሲል ግራ ተጋብቶ ሊቀር ይችላል። ከሶኬቱ ትንቀለው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቅ፤ ትሰካው፤ ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ አትንካው። አስቸጋሪው ይህ «አትንካው» የሚለው ነው። ሰው ቸኩሎ በየሃያ ሰከንዱ ይነቅለዋል፤ ሳጥኑም መስመሩን ፈልጎ ሳያገኝ እንደገና ይጀምራል። በወሎ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ሰዓት አለ፤ ቡናው ከሰል ላይ ይጣድና አቦሉ እስኪፈላ አይነካ። ስለ ልጆቹም ጠይቋት፤ ጊዜው ያልፋል።

ማጥፋትና ማብራት ግን ከአንድ ሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታ አደራ እንላለን። በአብዛኞቹ ሳጥኖች ጀርባ ወይም ሆድ ላይ የመርፌ ጫፍ ብቻ የምታስገባ ጠባብ ቀዳዳ አለች። እሷን ጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ በሽቦ ለሚመጣው ኢንተርኔት ደግሞ ቴሌ ያስገባው የተጠቃሚ ስምና ምስጢር ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። ትንሽ የነበረው ችግር ያን ጊዜ ባለሙያ ካልመጣ የማይፈታ ይሆናል። «አንድ የሰፈር ልጅ ሊሠራልኝ መጥቶ ጭራሽ አበላሸው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የዚህች ቀዳዳ ታሪክ ነው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ስልክ ሲበላሽ እንዲህ ሲደረግ አይቶ ነው።

ኢንተርኔቱ በድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ የመስመሩ ጤንነት በጆሮ ይታወቃል። የቤት ስልኩ ይነሣና ድምፅ አለው ወይስ የለውም ይባል። ጭጭ ካለ ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሏል ወይም ከደጅ ተቆርጧል። ድምፅ እያለው ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ፣ ስልኩንና ሳጥኑን የምትለየዋን ክብሪት የምታህል ማከፋፈያ ይመልከቱ። ሁለተኛ የስልክ ቀፎ ያለ እሷ በቀጥታ ከግድግዳ ከተሰካ መስመሩን ይረብሻል። በሳጥኑ ጀርባ ቀጭኑ የስልክ ሽቦና ወፈር ያለው የኮምፒዩተር ሽቦ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም ይለያያሉ፤ ከጥርጊያ በኋላ ቀጭኑ ሽቦ በወፍራሙ ቀዳዳ ተሰክቶ ሊገኝ ይችላል። የመስመሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ እየፈለገ ነው፤ ቀጥ ብሎ መብራቱ አግኝቷል ማለት ነው።

በከተሞች እየተስፋፋ ባለው ፋይበር ግን ከጆሮ ይልቅ ዓይን ይሠራል። ፋይበር የፀጉር ያህል የቀጠነ መስተዋት ነው፤ በውስጡ የሚሄደውም ብርሃን ነው። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ከቤቱ አልደረሰም። ሽቦው ከቡፌ ወይም ከሶፋ ሥር ተጨፍልቆ፣ በር ተዘግቶበት ወይም በኃይል ታጥፎ እንደሆነ በቀስታ ያሳዩ። አይንቀሉት፣ ጫፉንም በዓይን አይመልከቱ፤ ብርሃኑ ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

የመስመሩ መብራት ደህና ሆኖ የኢንተርኔቱ ብቻ ቀይ ከሆነ ወይም ካልበራ ወደ ሒሳቡ ይዙሩ። መቼ ተከፈለ? በማን ስልክ? ሲም ካርድ ባለው ሳጥን ደግሞ የተገዛው ፓኬጅ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው በዝግታ ይቅረብ፤ የገንዘብ ነገር ሰው ፊት የሚያሳፍር ስለሆነ «አልከፈልሽም እንዴ?» ከማለት «የወሩ ቀን ደርሶ ይሆን?» ማለት ይሻላል።

ሁሉም መብራት አረንጓዴ ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ እየተከፈተ አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ለወራት ተገድበው በነበረ ጊዜ ሳጥናቸውን ደህናውን ነቅለው ወደ ጥገና የወሰዱ እንደማይጠፉ እንገምታለን። ችግሩ ከዚያኛው ዳር ሊሆንም ይችላል። ለምሳሌ በዱባይና በሌሎቹ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከተሞች በዋትስአፕ በድምፅና በምስል መደወል ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል፤ የጽሑፍ መልእክቱ ግን ያልፋል። ልጅቱ እዚያ ከሆነች እናቲቱ ሲሪንቃ ላይ ሳጥን ብታገላብጥ ምን ይጠቅማታል?

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይደወላል። ያን ጊዜ ያቺ መብራቶቹን የጻፉባት ወረቀት ዋጋዋ ይታወቃል። «ኔትወርክ የለም» ብላ ለምትደውል ሴት ኦፕሬተሯ ያንኑ ሁሉ ጥያቄ ከመጀመሪያው ትጠይቃታለች። «ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ነው፤ ጎረቤት ይሠራል፤ አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ሁለተኛው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የአገልግሎት ቁጥሬ ይኸው» ለምትል ግን ሥራው ተጋምሷል። አቤቱታው የተመዘገበበት ቁጥር ካለም ተቀብላ ትጻፈው፤ በሌላ ቀን ስትደውል ከዜሮ አትጀምርም።

የአገልግሎት ቁጥሩን ነገር ካነሣን አንድ የምናዝንበትን እንናገር። በብዙ ቤቶች መስመሩ የተመዘገበው በባል ስም ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ፣ ሒሳቡ የሚከፈለው በእሱ ቴሌብር ነው። እሱ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ወይም ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ይህ የሚስተካከለው በጭቅጭቅ ሳይሆን በአንድ ወረቀት ነው። የአገልግሎት ቁጥሩ፣ መስመሩ የተመዘገበበት ስም፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃልና 994 በጉልህ ተጽፈው፣ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መብራቶቹ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸውም ተጨምሮ፣ ከቡፌው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። ባልንጀራዎ መጻፍ ካልቻለች ልጇ ክቦችን ስሎ በእርሳስ ቀለም ይቀባላት፤ ሲበላሽ ሥዕሉንና ሳጥኑን ታስተያያለች። ከዚህ ወረቀት ላይ የማይጻፈው የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ነው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ኢንተርኔትሽን እንድናስተካክል በስልክሽ የገባውን ቁጥር ንገሪን» የሚል ሰው ቢደውልላት ሌባ ነውና ትዝጋበት። እርስዎም ብትሆኑ ባልንጀራዋ፣ እየረዷት ሳሉ ይህን ቁጥር አይጠይቋት።

ክረምቱን በተመለከተ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲበዛ የሳጥኑ የኤሌክትሪክ ሶኬትም የመዳብ ስልክ ሽቦውም ከግድግዳ ይነቀሉ። መብረቅ በሁለቱም በኩል ይገባል። መብራት በጠፋ ጊዜም ነቅሎ፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት አዳፕተሩን ከድንገተኛ የኃይል ብዛት ያድነዋል። ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ የነቀሉትን መልሶ መሰካት መቼም አይረሳም ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ «ከዝናቡ ወዲህ ጠፋ» ያለች ሴት ካጋጠመችዎ መጀመሪያ ሽቦውን ያስፈልጓት።

ባልንጀራዬን በዚያን ዕለት «አብሽሪ፣ እህትሽ ደህና ናት» ብያት ከመሰናበታችን በፊት ያሠራኋት አንድ ሥራ ነበር፤ እርስዎም ሳጥኑ ከተስተካከለ በኋላ ሳይረሱ ያሠሯት። እህቷን በምስል እያየቻት አዲሱን የሞባይል ቁጥር፣ የጎረቤትን ቁጥርና የእኔንም ቁጥር በወረቀት አስጻፈቻት፤ በስልክ ውስጥ ሳይሆን በወረቀት፣ ስልክ ሊጠፋ ይችላልና። የእህቷን የሳውዲ ቁጥርም እማማ ራሳቸው ከቡፌው በር ላይ አስለጠፉት። ከዚያ ተስማሙ። ጁምዓ ማታ በአይሞ ካልተገናኙ፣ ቅዳሜ ጠዋት እህቲቱ በመደበኛ ስልክ ለአንድ ደቂቃ ትደውላለች፤ ካልገባላት ለጎረቤት፣ ጎረቤትም ካላነሣ ለእኔ።